አፍንጫዬና ሁለቱ መድኃኒቶች

ጥቅምት 4
ጎረቤቴ መዲና ተሽሏታል። የደም ግፊቷ ወርዶላት ደጅ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጇ ፊርደውስ ሴት ወልዳለች። የፊርደውስ አማት "ለቀጣዩ አላህ ወንድ ያርግልሽ" ብትላት፣ መዲና ሆዬ "ምነው፣ ይቺ ምን አጠፋች?" ብላ አፏን አስያዘቻት። ሳቅን።
ከሰዓት ገበያ። አንዲት ደንበኛዬ ኮረሪማውን አሸተተችና መለሰችልኝ። ሻግቷል አለች። እኔ በምን ልወቅ? አፍንጫዬ ከተደፈነ ቆየ... ቅመም ነጋዴ ነኝ እኮ።

ጥቅምት 9
ሆስፒታል። ዶክተር ማቲዎስ ውስጡ ሥጋ በቅሏል፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለኝ። ደም ከበዛ ግን አያየውም፤ ሳያወጣው የሚቀር አለ። ስለዚህ ተኝቼ ሳለሁ ግፊቴን ዝቅ ያደርጉታል። ሁለት መድኃኒት እያወዳደሩ ነው፤ አንዱ የልብ ምት ያዘገያል፣ ሌላው ደም ሥር ያሰፋል። ለማን የትኛው እንደሚሰጥ በዕጣ።
"የትኛው ይሻላል?"
"እሱን ብናውቅ ዕጣ ምን ያደርግልናል፣ እናቴ?"
ፈረምኩ። ሌላዋ ጎረቤቴ እቴነሽ ከጸሎት ቤት መጥታ "ሎተሪ ነሽ እንዴ!" አለችኝ። "ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል" ብዬ ዘጋኋት።

ጥቅምት 16
ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ነበር። ሳይሆን ቀረ።
ትናንት ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ዋለ። አንዱ "ያቺ እንኳ እንደተኛች ሳትነቃ..." ይላል። ሌላው "አታስፈራት!" ይልና ከሱ የባሰ ያወራል። ጠዋት ሲለኩኝ ግፊቴ ጣሪያ ነክቷል።
"ትናንት ምን ሆነው ነው?" አለ ዶክተሩ።
"ጠየቁኝ።"
"ማን?"
"ሰፈሩ በሙሉ።"
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 18
ባሌ ከፍያለው ኮምቦልቻ፣ እህቱ ቤት ደበቀኝ። ጎረቤቱን "አትምጡ" ብሏል። አትምጡ ይባላል? መዲና ተቀይማለች... እሷ ስትታመም ደጇን ለቅቄ አላውቅም።
ቤቱ ጭር ብሏል። አልፈራም። አልናፍቅም። የበላሁትን አላውቀውም።

ጥቅምት 25
ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ደሙ ትንሽ ነበር፣ ሁሉም ወጥቷል። የትኛው መድኃኒት እንደደረሰኝ አልተነገረኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ፊቴ ደንዝዟል። ውስጤም።

ኅዳር 3
ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ... በየተራ አፍንጫዬ ላይ። ምንም።

ኅዳር 14
ሰኞ ገበያ የፍሳሽ ቦዩ ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሷል። ሰዉ አፍንጫውን በነጠላ፣ በእጁ ይዞ ይሮጣል። ከፍያለው ክንዴን ይጎትታል። እኔ ቆምኩ። ሽታው መጀመሪያ ቀስ ብሎ... ከዚያ እስከ ጉሮሮዬ። ኧረ እንዴት ይከረፋል!
ትንሽ ጠጋ አልኩ።