የ«ዶክተር ቆይ» ኅልፈትና በእጃቸው የነበሩት ታካሚ

የማህፀንና ጽንስ ክፍላችን ኃላፊ፣ ተማሪዎቻቸው «ዶክተር ቆይ» የሚሏቸው ሐኪም፣ ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያስሩ ልባቸው በድንገት ቆሞ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። እኛ የክፍሉ ሠራተኞች ሐዘናችን መሪር ነው። ሥጋትም አለብን፤ አንደብቀውም።

ዶክተራችን ሥራ በጀመሩበት ዓመት፣ ደም የሚፈስሳቸው አንዲት እናት የእርግዝና ትርፍራፊ ቀርቷል ተብሎ ማህፀናቸው ተጠረገ። ትርፍራፊ የተባለው ግን ያለ ወጉ የተጠላለፈ የደም ስር ነበር፤ መሣሪያው ሲነካው ደሙን ማቆም አልተቻለም። እናትየው ከጠረጴዛው አልተነሱም።

ዶክተራችን ክፍሉን መምራት እንደጀመሩ የማህፀን መጥረጊያ መሣሪያዎቹን ቁም ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። የደም ዝውውርን በቀለም በሚያሳየው አልትራሳውንድ ሳይታይ ለማንም አይከፍቱም ነበር። ቁጡ ነበሩ፤ ለቸኮለ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ቆይ! መጀመሪያ እንየው እንጂ! አንዴ ከነካነው በኋላ መመለሻ የለውም።»

ባለፈው ሳምንት፣ ቀድሞ በቀዶ ጥገና ሲወልዱ በቀረው የማህፀን ጠባሳ ላይ ጽንስ የተጣበቀባቸው እናት ተኙልን። በጠባሳው ዙሪያ ያው የተጠላለፈ የደም ስር ታየ። ዶክተራችን የጽንሱን ዕድገት የሚገታ መድኃኒት አስጀመሩ፤ ስሮቹም ከውስጥ እንዲደፈኑ ከራጅ ክፍሉ ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮው ለዛሬ ነበር።

ትናንት መርዶው በተሰማበት ሰዓት ታካሚዋ ክፉኛ ይደሙ ጀመር። ተረኛው ሐኪም፣ የዶክተራችን የገዛ ተማሪ፣ ደንግጦ ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጠ። ተቆልፏል። ቁልፉ ገና ከሟች አንገት አልወለቀም ነበር። መዝጊያውን የሚሰብር ሰው ጠርቶ ሲጠባበቅ እነዚያኑ ስሮች በመጥረጊያ ሊነካ እንደነበር ገባው። ተመልሶ ማህፀን ውስጥ በሚነፋ ፊኛ ደሙን አፍኖ ያዘው።

ደሙ ለጊዜው ቆሟል፤ ስሮቹ ግን አሁንም ይመታሉ። ይህን ስንጽፍ ታካሚዋ በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ራጅ ክፍል እየተወሰዱ ነው፤ ባላቸው የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ይከተላሉ። እንዴት እንደሚመለሱ አናውቅም።

የዶክተራችን ባለቤት፣ ልጆቻቸውና አብረዋቸው የዋሉ ባልደረቦች ሁሉ ብርታቱን ይስጣችሁ። ባለቤታቸው ዛሬ ማለዳ ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልለው አምጥተውልናል። እንዲይዘው ለዚያው ለትናንቱ ተረኛ ሐኪም ብንሰጠው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «መጀመሪያ እኚህ እናት በደህና ይመለሱ» ብሎናል። እስከዚያው ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው።