ረጅሙ ዙም

ጅጅጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ከዛሬ ጀምሮ የተስፋዬን ዓይን ማየት አልፈልግም። አብረን እናስተምራለን፤ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ካሜራ ከእኔ ቀድሞ ስለያዘ ያውቃል ብዬ አምኜው ነበር።

እኔ ካሜራዬን የገዛሁት ያለ ሌንስ ነው። ትናንት ነጋዴዋ ሆዳን ከድንበር ሁለት ዙም ሌንስ ይዛልኝ መጣች፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ተስፋዬ ረጅሙን አንስቶ፣ «ይሄ ሩቁን ሁሉ ያቀርብልሃል። አጭሩ ምን ይሠራልሃል?» አለኝ።

ሆዳን ግን፣ «መምህር፣ ለቤት፣ ለሠርግ አጭሩ ነው ጥሩ፤ ወላሂ» ብላኝ ነበር። ነጋዴ ስለ ሌንስ ምን ያውቃል ብዬ ረጅሙን ወሰድኩ።

ዛሬ የምንኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ባፈገፍግም የገባልኝ የባለቤቴ አፍንጫና አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ውጭማ እንዴት ይወጣል? ጦር ሰፈሩ ከፊታችን ነው። ይህን የሚያህል ቱቦ ወደዚያ ያነሳሁ ቀን ሰላይ ነው ተብዬ ነው የምያዘው።

ልመልስላት ሆዳን ሱቅ ብሄድ አጭሩ ተሸጧል። የገዛው ተስፋዬ ነው፤ ትናንትናውኑ ተከትሏት ሄዶ። እኔ ላነሳው የነበረውን የቅዳሜውን ሠርግም ባለ ሠርጎቹ ለእሱ ሰጥተውታል።

አሁን ከግቢው ማዶ በሩ ላይ ተቀምጦ አጭሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። በመስኮቴ ረጅሙን አነጣጠርኩበት። ፊቱ ምንም ሳይቀር ገባ፤ ጥርሱ እንኳ ይቆጠራል። በዚህ ሌንስ እስካሁን ሙሉ ሆኖ የታየኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።