ልጅህ ጠጅ አልቀመሰም

ውድ ወንድሜ አብዱልሰመድ፣

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለባለቤትህ ለነኢማና ለቤትህ ሁሉ ይድረስ። ስለ ራሴ ጤና ላወራህ ብዕር አላነሣሁም። ልጅህን ሳሊምን «ጠጅ ጠጥተሃል፤ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለህ ማባረርህን ሰማሁ። ከመፍረድህ በፊት ልትሰማው የሚገባ ምስክር ነበር፤ እኔ ነኝ።

ደም መላሾቹ ሸዋ ሮቢት በገቡበት ቅዳሜ፣ እኔ ከሸዋዬ ጠጅ ቤት ነበርሁ። ማርህን ስታቀብላት የኖርሃት ሸዋዬ፣ የጋኖቿን ጓዳ ላሳይህ እያለች ስትወተውተኝ ሰንብታ ነበር። እስከ ወገባቸው በመሬት የተቀበሩ፣ በወይራ ጭስ የታጠኑ፣ አፋቸው በጭቃ የተመረገ ጋኖች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ጆሮዬን ከአንዱ ሆድ አስጠግታ፣ «ስማው ጋሼ ተፈራ፣ ያንጎራጉራል። እንደ ሽማግሌ ነው፤ ካላስቸኮሉት አይከፋም» አለችኝ። ከጥጉ ያቺን ትንሽ ማሰሮ አየሁ፤ ገሾ ነክቷት የማያውቅ፣ ለአንተና ለሙስሊም እንግዶቿ ብርዝ የምታኖርባትን።

ሳሊም ማሩን ከአህያ አራግፎ እጁን ሲታጠብ ነው ጠመንጃ ያነገቡት የገቡት። የወንድምህ ልጅ በግጦሽ ጠብ ሰው ገድሎ እንደ ጠፋ ታውቃለህ። ገዳዩን ቢያጡ ከዘሩ አንድ ወንድ ሊጥሉ ምለው ነበር። ሳሊምን በመልክ አያውቁትም። የሚያውቁት፣ የአብዱልሰመድ ልጅ ዛሬ ማር እንደሚያመጣና ጠጅ እንደማይቀምስ ብቻ ነው።

«ሁላችሁም ቁሙ!» አለ መሪያቸው። «እትዬ፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ። ያልጠጣ የእኛ ነው።»

አንድ ባጃጅ ነጂ ብርሌውን ሲያነሣ ደረቱ ላይ ደፋው። በሰደፍ አፉን አሉት። «ጡጦ ላምጣልህ?» አለው አንዱ። ሁለተኛውን ከጥርሱ ደም ጋር ጠጣው።

ለሳሊም ሸዋዬ ከማሰሮዋ ቀዳችለት። በብርሌ ውስጥ ብርዝና ጠጅ መልካቸው አንድ ነው። ልጅህ ጨለጠው።

«አንተስ አንጀትህን አራስከው!» ብሎ መሪው ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ቆመ። ብርሌውን ነጥቆ የቀረችውን ጠብታ ቀመሰ።

«ብርዝ! ማንን ነው የምታታልይ? ከጋኑ ቅጂለት!»

አፈሙዙ ከሳሊም ጉሮሮ ላይ ነበር። ሸዋዬ ወይራ የምትፈልጥበትን መጥረቢያ አነሣች። ሰውየውን ልትመታ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ የመታችው ግን ጋኑን ነው። ሆዱ ተሰነጠቀ፤ ዕድሜ የጠገበው ጠጅ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«አበድሽ፣ አሮጊት!»

«ጠጅ አማራችሁ አይደል? በሉ ላሱ!» ብላ ቀጣዩን መታች፤ ከዚያም ሌላውን። ልጅህን የሚፈትኑበት አንድ ብርሌ ጠጅ ከጋኖቹ አላስቀረችም። ከጓደኞቹ አንዱ በጭቃውና በስባሪው ላይ አንሸራቶት ወደቀ። መሪው በሰደፍ ቀኝ ክንዷን ሰበረው። በግራዋ መጥረቢያውን አነሣች። ያን ጊዜ ተኮሰ።

«ሴት ገደልህ!» ሲል ጮኸ የወደቀው። «ምን ፊት ይዘን ነው አገር የምንገባው? ደማችንን አዋረድከው!»

በቆላው ሕግ ሴት የገደለ ደም መላሽ እንደማይባል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ማንም የእኔ የማይለው ውርደት ነው። መሪው ጠመንጃውን እንደ እሳት ፍም ሲያየው ቆየ። ከዚያ እየተገፋፉ ወጥተው ሮጡ።

ሳሊም አልሮጠም። በጠጁና በደሟ መካከል ተንበርክኮ ራሷን አቀፈ።

«እማማ፣ ለእኔ ብለሽ?»

«ዝም በል። ማሩን ከፀሐይ አንሣው፣ ይበላሻል» አለችው። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነበር። ተሸክሞ ወደ አልጋዋ ሲወስዳት፣ ከአንገቱ እስከ እግሩ የጋኖቹ ጠጅ ይንጠባጠብበት ነበር።

በዚያው ሸሚዝ ነው አሊዩ አምባ ድረስ ወደ አንተ የመጣው። አንተ አሸተትኸው፤ አልጠየቅኸውም። ለምን እንዳልነገረህ ጠይቄው፣ «ጋሼ፣ እሷ ለእኔ ስትል ሞታ፣ እኔ ‹አልጠጣሁም› እያልሁ ራሴን ላንጻ?» አለኝ።

ሃይማኖትህን ላስተምርህ አልደፍርም። ያየሁትን ግን በፈጣሪ ፊት እመሰክራለሁ፦ ጠጁን የጠጣው የልጅህ ሸሚዝ እንጂ ልጅህ አይደለም።

ይህን ወረቀት ለነኢማ ያቀበላት እሱ ነው። ደጅህን እንዳይረግጥ ስላዘዝኸው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ አንብበህ እስክትጨርስ ይጠብቃል።

ጨርሻለሁ፤ ተነሣ።

ወንድምህ ተፈራ