ዳይሬክተራችን አረፉ

ኅዳር 3
ከክፍል በኋላ እንደ ወትሮው የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ። አሮጌው ቤተ ሙከራ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ተማሪዎች፣ አንድ አማካሪ መምህር... እኔ። ዋና አዘጋጇ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ካየች ምሳ አይወርድላትም። «አራት ነጥብ» ይሏታል።
ዳይሬክተሩን ሐኪም ተኙ ብሏቸው ቤታቸው ናቸው። የዜናውን ርዕስ ጻፈችው፦ «ዳይሬክተራችን በሐኪም ትእዛዝ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ወጡ»። ረዘመ። ገጹ ላይ አልገባም። «ርዕስ ሚስማር ነው» አልኳት፤ እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ቆረጥኩት። «ዳይሬክተራችን አረፉ»።
ደግማ አነበበችው። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ...»
«ቦታ የለም!»
ፈረመች። ጥሩ ልጅ። በዚህ ሥራ ስንት ዓመቴ!

ኅዳር 5
ጋዜጣው ወጣ። ወይ ጉዴ።
ስደርስ የኬሚስትሪዋ መምህርት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጥበቃው በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። ምን ሆናችሁ ብል ጋዜጣውን ሰጡኝ። ከርዕሱ ሥር «ሐኪማቸው እንዳሉት አሁን የሚያስፈልጋቸው ጸጥታ ብቻ ነው» ይላል። እሱም አልረዳንም።
ቤታቸው ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሡ። «ሰዉን ሁሉ ምን ነካው? አጠገቤ እያንኮራፋ ነው እኮ!»
ስድስት ዓመት ይህን ጋዜጣ ሳወጣ አንድ ሰው አምኖት አያውቅም። ዛሬ ታመነ።

ኅዳር 8
ጋዜጣው ትምህርት ቢሮም ደርሶ ኖሯል፤ ከዚያ የሐዘን መግለጫ መጣ፣ ማኅተም ያለው። ከደብዳቤው ጋር ተተኪ ዳይሬክተርም መጣ... ሻንጣውን ይዞ።
ምክትል ዳይሬክተሩ ሰበሰበን። «ይህን ርዕስ ማን ጻፈው?»
መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።
«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች አራት ነጥብ።
ወላጅ እስክታመጣ ታገደች። ስትወጣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ምላሴን ምን ያዘው? ነገ እናገራለሁ።

ኅዳር 9
አልተናገርኩም።

ኅዳር 12
ዳይሬክተሩ ዕረፍታቸውን አቋርጠው መጡ። ወንበራቸው ላይ ተተኪው አለ። አብረን ትምህርት ቢሮ ሄድን። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን ገለጠ።
«እዚህ ሟች ነዎት።»
«ቆሜ እያናገርኩህ?!»
«አባቴ፣ እኔማ አይዎታለሁ። ፋይሉ ነው የማያይዎት።»
«ታዲያ ምን ይሻላል?»
«የሞቱት በጋዜጣ ነው። የሚነሡትም በጋዜጣ ነው።»
ወደ እኔ ዞሩ። «ሰምተሃል? አስነሣኝ።»
ልጆቹን ጠራኋቸው። እምቢ አሉ። ፎቶ አንሺው፦ «ያለ አራት ነጥብ ዓረፍተ ነገር አያልቅም፣ ቲቸር።» እንዲህ መመለስ ማን አስተማራቸው? እኔ ነኛ።

ኅዳር 13
ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ። «ልጄ ሰው ገደለች አሉኝ።»
«የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና «አምስት ቀን ሙሉ ዝም አልክ?» አሉኝ።
አምስት ቀን።
ልጅቷ ከስፌት መኪናው ኋላ፦ «ማረሚያ ሲወጣ ማን እንደተሳሳተ ይጻፋል። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»
እዚያው ተቀምጬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። የሥራ ብዛት፣ የመነጽሬ ማርጀት፣ የሕትመቱ ጥድፊያ... ሰረዘችው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተረፈ፦ «ርዕሱን የቆረጡት አማካሪ መምህሩ ናቸው። አዘጋጇ ስትታገድ ዝም ብለዋል።»
ጎመዘዘኝ። ልክ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ኅዳር 15
ጠዋት ምክትሉ ጋ ገብቼ ተናዘዝኩ። እገዳው ተነሣላት፤ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ከሰዓት «ዳይሬክተራችን በሕይወት አሉ» ታተመ። ፎቷቸውን ሦስት ጊዜ አነሣን፤ በሁለቱ አስከሬን መሰሉ።
ቢሮው ተቀበለ፣ በሦስት ቅጂ። ተተኪው ግን አልሄደም። እሱን የሚያነሣ ደብዳቤ ገና ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይፈርማሉ።

ኅዳር 24
ርዕስ የሚያወጡት አሁን ልጆቹ ናቸው። ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ። ዛሬ አልጠየቁኝም። ደግሞ አልከፋኝም... ትንሽ ብቻ።
ከቤተ ሙከራው ፊት ኮሪደር ላይ ዳይሬክተሩ ያዙኝ። በእጃቸው ለጋዜጣው የጻፉት ጽሑፍ፣ በቀይ የተጨቀየ።
«ግማሹን ቆረጠችብኝ! አንተ አማካሪ አይደለህ? አንድ ነገር በላት እንጂ።»
አነበብኩት። የቆረጠችው ሁሉ መቆረጥ ያለበት ነው።
«ውስጥ አለች» አልኳቸው። «አንኳኩተው ይግቡ።»
በሩን አዩት። እኔን አዩኝ። ከረባታቸውን አስተካከሉ።
አንኳኩ።