ለማን ብዬ ልነሳ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 10

ወንበሬን ቀሙኝ። በመስኮቱ አጠገብ የነበረችውን፣ ክንድ ማሳረፊያ ያላትን፣ ሰው መንገድ ላይ ጥሏት አግኝቼ በጀርባዬ አዝዬ ሁለት ፎቅ ያወጣኋትን። ስምንት ዓመት ተቀምጬባታለሁ። አሁን ታላቅ ወንድሜ አያ ተገኘ ተኮፍሶባታል፤ እኔ የፕላስቲክ የሽንኩርት ሣጥን ገልብጬ ተቀምጬ እጽፋለሁ። የሣጥኑ ፍርግርግ ቂጤ ላይ ታትሟል። ለማን አቤት ይባላል?

የፈረደችብኝ ላሪሳ ናት። ክሊኒኩ ቤት ድረስ የሚልክልን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከኪየቭ የመጣች። የእሷም ዕብራይስጥ የእኔም ዕብራይስጥ ስብርባሪ ስለሆነ እንግባባለን። ዛሬ የቤቱን መቀመጫ ሁሉ ለካች። ሶፋው ዝቅ ይላል፤ የወጥ ቤቱ ወንበር ክንድ የለውም፤ የእኔዋ ተመረጠች። እሷም ብትሆን ትንሽ ዝቅ ስለምትል ከአራቱ እግሮቿ ሥር የሚገባ አራት ቁራጭ እንጨት አምጣ ተብያለሁ።

ወንድሜ ከሁለት ወር በፊት እርጥብ ደረጃ አዳልጦት ዳሌው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ደኅና ነው ይላሉ። ባለ አራት እግር ምርኩዙን ይዞ፣ አንድ ሰው ካስነሳው፣ እስከ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። ችግሩ ብቻውን ከመቀመጫው አለመነሳቱ ነው። ላሪሳ የቀሯት ሦስት ቀናት ናቸው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ እሑድ። እሑድ ወረቀት ትጽፋለች። ብቻውን ካልተነሳ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ብቻውን ሊቀር አይችልም። እንግዲያው ሴት ልጁ ያፋ በባሕሩ በኩል ባለ ከተማ ካለ የአረጋውያን ቤት ታስገባዋለች። ይህንን ስትነግረው አለቀሰች። እሱ «እሺ» አላት። በዚያ ቤት አማርኛ የሚናገር አንድም ሰው የለም። የእሱ ዕብራይስጥ ደግሞ ሰላምታ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ሰኞ

ጠዋት አያ ተገኘን አልጋው ላይ ትቼ ለጥቂት ሰዓት ሥራ ነበርኩ። ኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ከኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጎን፣ የአንድ አሮጌ ቤት ግቢ እጠርጋለሁ፣ አበባ አጠጣለሁ። በር የሚያድስ አናጢ አራቱን ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በዚያ ሲያልፉ ዘወትር እንጨዋወታለን። ዛሬ እንጨቶቹን ስላዩ ነገሩን ነገርኳቸው። እናንተ ዘንድ ያሉት አሮጌዎቹ አባቶች ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው የሚጸልዩት በምን ጉልበት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መቆሙ ቀላል ነው» አሉኝ። «ከባዱ መነሳቱ ነው። ስለዚህ አንቀመጥም።»

እየሳቁ ሄዱ። እኔም እየሳቅሁ አውቶቡስ ገባሁ። ማታ ለአያ ተገኘ ብነግረው አልሳቀም። ዝናብ ነው፤ ሰፈራችን ቂርያት ሃዮቨል ጉም ውስጥ ገብታለች።

ማክሰኞ

እንጨቶቹ ገቡ። ወንበሬ ከፍ ብላ ዙፋን መሰለች።

ላሪሳ የእንቅስቃሴ ሥዕል ያለበት ወረቀት አመጣች። ሥዕሉ ላይ ቁምጣ የለበሰ መላጣ ሰውዬ አለ። አያ ተገኘ «ይህ ሰው ዘመድ የለውም? ልብስ የሚያለብሰው?» አለ። ወረቀቱን ወስጄ በአማርኛ ስም አወጣሁለት፦

ተቀምጦ እግር ወደፊት መዘርጋት፦ ውሻውን አባር።
ምርኩዝ ይዞ በጣት ጫፍ መቆም፦ ከአጥር በላይ እይ።
ቆሞ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፦ ቢሮ ተሰለፍ።

ቢሮ መሰለፉን በጣም ይችልበታል፤ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ተለማምዶታል። ላሪሳ በሩሲያኛ ትቆጥራለች፤ እሱም እስከ አምስት አብሯት ይቆጥራል። መጨረሻ ላይ ያለው ግን ከወንበር መነሳት ነው። ለእሱ ስም አላወጣሁም። እዚያ ሲደርስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

«ሳባ፣ ተነስ» ትለዋለች። አያቴ ማለቷ ነው።

ዛሬ በአማርኛ መለሰላት፦ «ለማን ብዬ ልነሳ?»

ደክሞታል ብዬ ተረጎምኩ። አላመነችም። ጭኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጡንቻው ይችላል፣ የደከመው ሌላ ነገር ነው አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ምን ማለትህ ነው አልኩት። ሰው የሚነሳው ሰው ሲገባ ነው አለ። ማንም ሳይመጣ ብድግ ቁጭ ማለት የእብድ ነው አለ። እኔም ወጣሁና በሩን ዘግቼ አንኳኳሁ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ትልቅ ሰው ሰላምታ እያበዛሁ ገባሁ።

«አንተ ታናሼ ነህ» አለ። «ዝጋው፣ ብርድ ይገባል።»

ረቡዕ

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ሞሮኳዊቷ አሮጊት፣ ኬክ ይዛ መጣች። አያ ተገኘ ከውስጥ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ተኝቷል አልኳት። ኬኩን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ኬክ እየበላሁ ቆጠርኩ። በሁለት ወር ተኝቷል ብዬ የመለስኳቸው ስንት ናቸው? የወንድማችን ልጆች። ምኩራቡ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰውዬ። አሮጊቷ ሁለቴ። አባ ወርቁ ሦስቴ።

የአባ ወርቁ ይከብደኛል። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። መንደራችንን ሰብስበው እስከ ሱዳን የመሩን እሳቸው ናቸው። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ሁለት ፎቅ ወጥተው፣ በራችን ላይ ቆመው ሲያለከልኩ፣ እኔ ፊታቸውን እያየሁ ተኝቷል እላለሁ። መርቀውኝ ይወርዳሉ። አሁን ከመጡ ወር አልፏቸዋል።

አያ ተገኘ አባ ወርቁ በገቡ ቁጥር ለሃምሳ ዓመት ተነስቷል። ተቀምጦ ሊቀበላቸው አይሆንለትም፤ ሊነሳም አልቻለም። ስለዚህ ተኝቷል። ሰው ካልመጣ ደግሞ አይነሳም። ይህንን ለመረዳት ሁለት ወርና አንድ ኬክ ፈጀብኝ።

ሐሙስ

ላሪሳ መጣች፣ ቆጠረች፣ ሄደች። አልተነሳም።

ከሰዓት በኋላ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። በመስኮት አየሁና፣ አባ ወርቁ ከአውቶቡስ ወርደዋል አልኩ።

«ተኝቷል በላቸው።»

«መስኮቱ ሥር ተቀምጠህ እንዴት ትተኛለህ? ከታች ሆነው አይተውሃል። እጃቸውን አነሱልህ።»

መጥረጊያውን ይዤ ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩትና ጥቂት ደረጃ ወርጄ፣ በመጥረጊያው እንጨት ደረጃውን እየመታሁ ቀስ ብዬ ተመለስኩ፤ ኳ፣ ኳ፣ እረፍት፣ ኳ። የሽማግሌ ሳል ጨመርኩበት። በሩ ላይ ደርሼ በክፍተቱ አየዋለሁ። ላሪሳ እንዳሳየችው እግሩን ወደ ኋላ ሳበ፤ ደረቱን ወደ ፊት ሰጠ። አንዴ ሞክሮ ተመለሰ። ሁለተኛም ተመለሰ። በሦስተኛው ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። «ኖር!» አለ።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። መጥረጊያው በእጄ ነው።

ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰደበኝም። ከኋላዬ ደረጃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«በልጅነትህም እንዲህ ነበርክ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

መነሳት እንደሚችል አውቄያለሁ። ያስነሳሁት ግን ለባዶ ደረጃ ነው።

ዓርብ

ውሻውን አባር የለም፣ ቢሮ መሰለፍ የለም። ሻይ ሳቀርብለት ሻዩን ብቻ ነው የሚያየው።

ቀትር ላይ ስልኩን አምጣ ብሎ በእጁ አመለከተኝ፤ ሳመጣለት ውጣ ብሎ አመለከተኝ። ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ ሰማሁ። ረጅም ወሬ ነበር። ስሜን ሦስት ጊዜ ጠራው። ለያፋ እየነገራት ይሆናል፦ ከዚህ ሰውዬ አውጪኝ፣ ባሕሩም ይሻለኛል። የሰንበቱን ወጥ አሳረርኩት። እሱ ሲሄድ እንጨቶቹን ከወንበሬ ሥር አውጥቼ ምን እንደማደርግባቸው አሰብኩ። ይህም ሐሳብ አላስደሰተኝም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 17

ትናንት ሰንበት ስለነበር አልጻፍኩም። የሚጻፍም አልነበረም።

ዛሬ ላሪሳ በዝናብ መጣች። ጃንጥላዋን መታጠቢያ ቤት አቆመች፤ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አያ ተገኘ ሌላውን ሁሉ ሠራላት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ሳባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ለእኔ።»

አልተነቃነቀም። ሐሙስ ተነስቷል ብዬ ነገርኳት፤ እንዴት እንደተነሳ ግን ለመንገር አፈርኩ። ያላየሁትን አልጽፍም አለች። ተቀምጣ ብዕሯን ከፈተች። ስሙን ጻፈች። ዕድሜውን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ማታ ማን አብሮት እንደሚያድር ጠየቀችኝ፤ እኔ አልኳት።

በሩ ተንኳኳ።

አያ ተገኘ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት፤ መጥረጊያ የለም፣ ምንም የለም። «እኔ እዚህ ነኝ» አልኩት።

ከፈትኩ። አባ ወርቁ ናቸው። ባርኔጣቸው ውሃ ያንጠባጥባል፤ አንድ እጃቸው በትራቸው ላይ፣ አንዱ በግድግዳው ላይ ነው፤ ትንፋሻቸው አልተመለሰም። አፌ ለምዶት «ተኝ...» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። እሳቸው እኔን አይደለም የሚያዩት፤ ከትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ ነው።

ከኋላዬ ወንበሬ ሲጥ አለች። ስምንት ዓመት ተቀምጬባታለሁ፤ ድምፅዋን አውቃለሁ። ሰው ሲቀመጥባት እንዲህ አትልም። አልዞርኩም። ቆይታ እንደገና ሲጥ አለች። ላሪሳ ሩሲያኛዋን በሹክሹክታ ጀመረች፤ አንድ ብላ፣ ሁለት ሳትል ተወችው።

«ኖር!» አለ አያ ተገኘ።

አባ ወርቁ ደጃፉን አልተሻገሩም። ትንፋሻቸውን ጠበቁ።

«በእግዜር» አሉ። «ዓርብ ደውለህ የሐሙሱን ኖር ስትነግረኝ ልመልስልህ ፈልጌ ነበር፤ በስልክ አይሆንም ብዬ ተውኩት። የሐሙሱንም ጨምረህ ያዝልኝ።»

ገቡ። ይቀመጡ አላቸው። አንተ ተቀመጥ አሉት። እርስዎ ቆመው እንዴት አድርጌ አለ። ታማሚው አንተ፣ ቀድመህ አረፍ በል አሉ። ሁለቱም አልተቀመጡም። ላሪሳ አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ ጉልበቱን እያየች ብዕሯን በአየር ላይ ይዛለች። ወረቀቱ ላይ ምን እንደምትጽፍ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም።

ወንበሬ መካከላቸው ባዶዋን ነበረች። እኔም ሣጥኔ አጠገብ ቆምኩ።