ትንሿ ኮምፒውተርህ ተከፈተች

ይድረስ ለባለቤቴ ለታዴ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ አንተ ካለህበት የአሰላ ብርድ አይደርስም። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ አለፈን። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጻፍኩልህ ደስ የሚል ወሬ ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ ግን አለኝ። ትንሿ ኮምፒውተርህ ተከፈተች!

ይዘሃት የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ብብትህ ሥር ሸጉጠሃት ስትገባ ዳቦ የገዛህ መስሎኝ ሰሃን ሁሉ አቅርቤ ነበር። አንተ በአንድ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሃት፣ ገመድ አልባውን ኪቦርድ ጭንህ ላይ አደረግክና ሲኒማ ቤት መከፈቱን አወጅክ። ከዚያ ወዲያ እሁድ ከሰዓት ሳሎናችን የእኛ መሆኑ ቀረ። ጎረቤታችን አዴ ሸምሲያ ቀድመው መጥተው ሶፋው ላይ ይሰየማሉ፤ የቀረው የሰፈር ሰው በርጩማውን እያንጠለጠለ ይገባል።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ አዴ ሸምሲያ ደግሞ ከኦሮምኛና ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። ስለዚህ አንተ አስተርጓሚ ሆንክ። ጉድ እኮ ነው! እኔ ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩት አጠገብህ ቁጭ ብዬ፣ አንተ ከሦስት ቃል ሁለቱ ሳይገባህ ዓይንህን በጨው አጥበህ ትተረጉማለህ። ፖሊሱ ሌባውን ሲያስፈራራ፣ በጥሎሽ አልተስማሙም ትላቸዋለህ። መርከቡ ሲሰጥም ካፒቴኑ የበቆጂን መንገድ እየረገመ ነው ትላለህ። ላርምህ አፌን ስከፍት አዴ ሸምሲያ "ተይው እባክሽ፣ የእሱ ይሻላል" ይሉኛል። እውነትም ያንተ ይሻል ነበር። በኋላማ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ደግሞ መተርጎም ሲሰለችህ፣ በማይክ ድምፅህን ከፊልሙ ጋር እየቀዳህ ታስቀምጥ ጀመር፤ ከነሳልህ፣ ከነሳቅህ።

ያረፍክ ዕለት አዴ ሸምሲያ፣ የለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ይሸፈናል ብለው ጋቢያቸውን አለበሱት። ወጉ ነው። ታዲያ ከጎኑ ያለችውን ኮምፒውተርም አብረው አለበሷት፤ ለካ እንደበራች ኖራለች። ስንት ቀን በርታ ጋቢ ውስጥ ታፍና እንደቆየች እንጃ። ከሙት ዓመትህ በኋላ ጥቁሬን አውልቄ ቴሌቪዥኑን ገልጬ ኮምፒውተሯን ሳበራት፣ ትንሽ ታጉረመርምና ድርግም ትላለች። የወሰድኩለት የኮምፒውተር ጠጋኝ ነካካትና፣ ውስጧ ያለው ሳይጠፋ እንዳልቀረ ነግሮኝ ሌላ ግዢ አለኝ። ሌላ ከየት ይመጣል? ድምፅህ ያለው እሷ ውስጥ ብቻ ነው። ፎቶህ ስልኬን ሞልቶታል፤ ፎቶ ግን አይዋሽም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለተኛ የሞትክብኝ ነው የመሰለኝ።

አዴ ሸምሲያ ከእኔ ብሰው ተጨነቁ። አንድ ጠዋት መጥተው፣ ታዴ አቧራ ሲበዛባት የት ነበር የሚወስዳት ብለው ጠየቁኝ። ጎሚስታው ዘንድ! እንዴት ረሳሁት? በነጠላ ጠቅልለን ባጃጅ ላይ አሳፈርናት። አዴ ሸምሲያ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈዋት፣ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሾፌሩን ይቆጡታል። ጎሚስታው ከማል ገና ሲያያት ፈገግ አለ። ያሳየኸውን አልረሳም፤ ማራገቢያዋ እንዳትሽከረከር በክብሪት እንጨት ያዘና፣ ጎማ በሚነፋበት አየር ራቅ አድርጎ እፍ አለባት። አቧራው ቦነነ፤ ከአቧራው ጋር ረጅም የጋቢ ክር ተጎልጉሎ ወጣ። ማራገቢያዋን አንቆ የያዘው እሱ ነበር። አዴ ሸምሲያ ክሩን ሲያዩ "ወዮ! እኔው ነኝ ያነቅኋት" ብለው መንገድ ላይ በሳቅ ፈረሱ።

እሁድ ሳሎኑ ሞላ። ድምፅህ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ውሸትህ ላይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ ታዴ፣ ዕንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። የከፈትነው ፊልም ሆስፒታል በገባህበት ሰሞን የጀመርከው መሆኑን ግን አላወቅንም። መሃሉ ላይ ሳልክ፣ "ቆዩኝ ውሃ ልጠጣ" አልክ፣ በዚያው ቀረህ። የፊልሙ ሰዎች በእንግሊዝኛቸው ማውራታቸውን ቀጠሉ። ላጠፋው እጄን ወደ ኪቦርዱ ስሰድ አዴ ሸምሲያ ክንዴን ያዙኝ።

"ምን አለ ሰውዬው? ንገሪን እንጂ" አሉኝ።

ሰውዬው ያለው አንድ ቃል አላመለጠኝም፤ ለጠበቃው ስለ ቤት ውል እያስረዳ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ጮሌ ከተማ ገበያ ላይ በቅሎው ጠፍታበት፣ አይተሃት እንደሆነ ንገረኝ እያለ ይለምነዋል አልኳቸው። አዴ ሸምሲያ ለበቅሎዋ ከልባቸው አዘኑላት። ከዚያማ ማን ያቁመኝ? ጠበቃውን የበቅሎ ሌባ አድርጌ ፊልሙን ጨረስኩት።

በማግስቱ ማይክህን ሰካሁና፣ ውሃ ልጠጣ ካልክበት ጀምሬ ድምፄን ቀዳሁበት። አሁን ሙሉ ነው፤ ግማሹ ያንተ ውሸት፣ ግማሹ የእኔ። አልረሳህም ታዴ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት አንድም ፊልም በትክክል አይተረጎምም።

ያንተዋ አስቴር