የፊት ግራው ትከሻ፦ የወይዘሮ ሄስተር ቲድማርሽ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሄስተር ቲድማርሽ ከአባታቸው ከግንበኛው አቶ ሳይላስ ክረብና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶርካስ ፔል፣ በሰልዊክ መንደር ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ተወለዱ።

ማዶ ሰፈር ሥሩ ዐለት ስለሆነ መቃብር አይቆፈርበትም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የማዶ ሟች ሁሉ በትከሻ ተይዞ፣ የድንጋዩን ድልድይ ተሻግሮና የጌጅን ቤተሰብ መስክ አቋርጦ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ይመጣ ነበር። መስኩ መሃል ተሸካሚዎች ሣጥኑን አሳርፈው እፎይ የሚሉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ወይዘሮ ሄስተር ገና በልጅነታቸው አያታቸውን የሸኙት በዚሁ የሬሳ መንገድ ነው።

በመንደሩ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በወተት ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ ኖረዋል። በወጣትነታቸው ከደወል ደዋዮቹ ማኅበር ገቡ፤ በጊዜው ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ መንደሩን የሚያሳዩትም እሳቸው ነበሩ። በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ ጥድ ከቤተ ክርስቲያኑ በዕድሜ እንደሚበልጥ፣ ትልቁ ደወል በየትኛው ውርጭ እንደተሰነጠቀና ድምፁ ለምን እንደሚጎረንን ሲተርኩ እንግዳው ባቡር ያመልጠው ነበር። ሲደውሉ ከጎናቸው ያለውን የደወል ገመድ የሚስቡት የልጅነት ጓደኛቸው አቶ ሮላንድ ጌጅ ነበሩ።

በ1961 ከድንጋይ አጥር ካቢው ከአቶ ዋልተር ቲድማርሽ ጋር ትዳር መሥርተው አይሪስንና ጆብን ወለዱ። አቶ ሮላንድ የአይሪስ የክርስትና አባት ሆኑ።

በ1987 መኸር አቶ ዋልተር ሲያርፉ ሣጥናቸው በሬሳው መንገድ መጣ። ፊት ግራውን የተሸከሙት አቶ ሮላንድ ነበሩ። ድንጋዩ ላይ ሲያሳርፉ ላባቸውን ጠርገው፣ «ዋልተር፣ በቁምህ ከብደኸን፣ ሞተህም አልቀለልክም!» ቢሉ ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። ወይዘሮ ሄስተርም ሳቁ። ያቺ ቀልድ ብዙ ዓመት ደግፋቸዋለች።

በ2019 አቶ ሮላንድ መስካቸውን ድንኳን ለሚተክሉ እንግዶች አከራይተው የሬሳው መንገድ የሚገባበትን የመስኩን በር ቆለፉት። መንገዱ የሕዝብ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ከአውራጃው የመጣ ባለሥልጣን ሕዝቡን በመንደሩ አዳራሽ ሰበሰበ። የማዶ ሰዎች፣ «ሬሳ ያለፈበት የሕዝብ መንገድ ነው!» ብለው ጮኹ፤ አባቶቻቸው እንዲህ ነው ያስተማሯቸው። ባለሥልጣኑ ግን፣ «ሕጉ ስለ ሬሳ የሚለው የለም። ሰው ሳይከለከል ሲመላለስበት መኖሩን የሚመሰክር አለ?» አለ።

ወይዘሮ ሄስተር ተነሥተው የባላቸውን ቀብር ተናገሩ። አቶ ሮላንድ ወለሉን እያዩ፣ «በመስኬ ሬሳ ሲያልፍ አላስታውስም» አሉ።

«ዋልተር አልቀለልክም ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ሄስቲ፣ እርጅና ነው። ሕልሙና እውነቱ ተደባልቆብሻል።»

«እኔስ አረጀሁ። ትከሻህም ረሳ?»

አዳራሹ ውስጥ ከዚያ ሣጥን ኋላ የሄዱ፣ በዚያ ቀልድ የሳቁ ብዙ ነበሩ። «እንመሰክራለን» ብለው ቃል የገቡም ነበሩ። ነገር ግን ዳቦ ጋጋሪውም፣ ባለ መጠጥ ቤቱም፣ ሌላውም ከድንኳኑ እንግዶች ገበያ አግኝቷልና አንድም እጅ አልወጣም። በሩም እንደተቆለፈ ቀረ።

ወይዘሮ ሄስተር ከዚያ ወዲህ ደወል አልደወሉም። ሰላምታ አልነፈጉም፤ እንግዳ ማስጎብኘት ግን ተዉ። «መንደሩ ራሱ የካደውን ታሪክ እኔ ለማን ልንገር?» ይሉ ነበር። ልጃቸው አይሪስ ይህ በእናንተ ፊት እንዲነበብ መወሰን ቀላል አልሆነላትም፤ ልጆቿ ነገም ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣሉና። ነገር ግን እናቷ ሳይመሰከርላቸው እንዲቀበሩ አንጀቷ አልቻለም።

ወይዘሮ ሄስተር በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱበት ቤት አረፉ። ኑዛዜያቸው በሬሳው መንገድ እንዲሄዱ ነበር። አይሪስ በሩ ለአንድ ቀን እንዲከፈት ልትለምን ሄደች።

«አይሆንም ልጄ» አሏት አቶ ሮላንድ። «ሬሳ ካለፈበትማ የሕዝብ መንገድ ይሆንብኛል።»

«አጎቴ፣ ሕጉ እንደዚያ አይልም ተብሏል እኮ።»

«ሕጉን ተይው! አባቶቻችን ያሉትን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አባቴስ በየት አለፈ?»

አቶ ሮላንድ የቤታቸውን በር ዘጉባት።

ስለዚህ ወይዘሮ ሄስተር ዛሬ በአስፋልቱ ዞረው፣ በመኪና መጥተዋል። ከዚህ እስከ ጥዱ ሥር፣ እስከ አቶ ዋልተር ጎን ግን በትከሻ ይሄዳሉ። ልጃቸው ጆብ፣ አማቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይሸከሟቸዋል። የፊት ግራው ቦታ በራሳቸው ትእዛዝ ክፍት ነው። «ማንም እንዳይገባበት፤ የቦታው ባለቤት ያውቀዋል» ብለዋል። የቦታው ባለቤት ካልመጡም ሣጥኑ በዚያ በኩል እንዳዘነበለ ይሄዳል።

ማንንም ያልረሱትን ወይዘሮ ሄስተርን፣ ማንንም የማይረሳው አምላክ በሩን ከፍቶ ይቀበልልን። አሜን።